ብቻቸውን የቆሙ ሦስት ሳጥኖች

ሱዳን፣ ገዳሪፍ ውስጥ የሚጠቅመውን ሥራ ሁሉ ሌሎች ቀድመው ስለያዙት ለእኔ ማንም ያልጠየቀው ሥራ ደረሰኝ፤ የመስቀለኛ ቃላት ጥያቄ አወጣለሁ። ደመወዝ የለውም፣ ምስጋና የለውም፣ ስድቡ ግን እንደ ልብ ነው። ለእንጀራዬ የሰሊጥ መጋዘን ውስጥ ጆንያ ላይ በቡርሽ የባለቤቱን ምልክት እጽፋለሁ። ድሮ ጎንደር ላይ ሥነ ጽሑፍ አስተምር ነበር። ጆንያ ከተማሪ የሚሻለው ወደ ኋላ ተቀምጦ ስለማያወራ ነው።

የጥያቄው ነገር የተጀመረው በክረምት ነው። የዚህ አገር ጥቁር አፈር ውሃ ሲጠጣ ሎሪውንም ሰውንም እኩል ይዞ ያስቀራል። ለአረምና ለአጨዳ የመጣው የእኛ አገር ልጅ እርሻው ድረስ መሄድ ያቅተውና ከተማ ውስጥ ተከማችቶ ሰማይ ሲያይ ይውላል። አብዛኛው የሚውለው ደግሞ እኔ ምሳ በምበላበት ቤት ነበር። ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ግድግዳው ኖራ የተቀባ ጭቃ፣ ጠዋት ፉል፣ ቀን ሽሮ። ባለቤቷ የመተማ ሴት ናት። የገባው ሁሉ፣ ትንሹም ትልቁም፣ በዕድሜ የምበልጣት እኔም ሳልቀር፣ "እታለም" ነው የምንላት። በአገራችን ታናሽ ታላቅ እህቱን የሚጠራበት ስም ነው። ደስ ብሏት ይሁን ሳይላት ትሰማናለች፤ ሒሳብ ስንከፍል ግን ዘመድ አትሆንም።

አንድ ቀን ሁለት ጎረምሶች በአንድ ዘፋኝ ምክንያት ሳህን ሊወራወሩ ሲሉ ወደ እኔ ዞረች።

"መምህር፣ በእግዜር ይሁንብዎ እነዚህን አንድ ነገር ያስይዙልኝ። ሥራ ፈት አእምሮ ቤቴን ሊያፈርስ ነው።"

በማግስቱ የጆንያ ቡርሼንና ጥቁር ቀለሜን ይዤ መጣሁና ግድግዳዋ ላይ ሳጥን አሰመርሁ። ጥያቄዎቹን ከጎኑ ጻፍሁ፤ አግድም እዚህ፣ ቁልቁል እዚያ። በአንድ ሳጥን አንድ ፊደል። ነጩ ግድግዳዋ ተበላሸ ብላ አልተቆጣችም፤ ልጆቹ ዝም ካሉልኝ ጣሪያውንም ይቀቡት አለችኝ።

ጥያቄ ማውጣት አንድ ሕግ አለው፤ ለአንድ ጥያቄ አንድ መልስ። በመጀመሪያ ከመጻሕፍት ጀመርሁ፤ ከልቦለድ፣ ከግጥም፣ ከቅኔ። ሰው ሁሉ ግድግዳውን እንደ ግብር ማስታወቂያ አየውና ጀርባውን ሰጥቶ ፉሉን በላ። እሺ፣ ብዬ ወደ ዘፈንና ወደ ፊልም ወረድሁ። "አግድም፦ በክሊፑ ላይ ውድ መኪና ተደግፎ ስለ ድህነቱ የሚያለቅስ ዘፋኝ፣ አራት ፊደል" ብዬ ጻፍሁ። የብዙ ዘፋኝ ስም መጣልኝ፤ ሁሉም ባለ አራት ፊደል፣ ሁሉም ትክክል። ሕጌ በመጀመሪያው ሳምንት ፈረሰ። "ቁልቁል፦ የፊልሙ ጀግና ቀለበት ካሰረላት በኋላ ልጅቷ ማን ሆና ትገኛለች?" ስል ደግሞ ቤቱ በአንድ ድምፅ "እህቱ!" ብሎ ጮኸ። ሳጥኑን የቆጠረ የለም። እዚሁ ሱዳን ያደጉት የግብፅ ተከታታይ ፊልም ካልሆነ "ወላሂ ማባርፍ" ብለው ትከሻቸውን ይሰብቃሉ፤ አላውቅም ማለታቸው ነው፤ አለማወቃቸውንም በኩራት ነው የሚናገሩት።

ከሁሉ የባሰው ግን የረክሻ ነጂው ነው፤ ባጃጅን እዚህ ረክሻ ነው የሚሉት። ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት ላይ አቋርጦ የመጣ ልጅ ነው፤ ሲናገር የሰማው ሰው ያቋረጠው የሚማረው ነገር ስላለቀበት ይመስለዋል። ረክሻዋን በር ላይ አቁሞ፣ አንድ እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ ግድግዳዬን ይመረምራል። "ይህቺ ጥያቄ ደካማ ናት መምህር" ይለኛል። መልሱን ሲያገኘው ጥያቄው ቀላል ነው፣ ሲያቅተው ጥያቄው ስሕተት ነው። እንዲህ ያለ ሰው በየአገሩ አንድ አንድ ይመደባል መሰለኝ፤ የእኛው ረክሻ ይነዳል።

ስም ያወጣልኝም ያዋረደኝም እሱ ነው። ግድግዳውን በስልኩ ፎቶ አንሥቶ ግሩፕ ላይ ለቀቀው። ግሩፑ በምሥራቅ ሱዳን የተበተንነው የእኛ ሰዎች የምንገናኝበት ነው፤ የትኛው መንገድ ጭቃ እንደሆነ፣ የትኛው እርሻ ሰው እንደሚፈልግ፣ ማን እንደሞተ የሚነገርበት። ካርቱም ከተቃጠለች ወዲህ ሬሳና ፍለጋ ብቻ ይወራበት ነበርና ሰው ጥያቄዬን እንደ ዝናብ ተቀበለው። ከጋላባት፣ ከዶካ፣ ከየእርሻው መልስ ይመጣ ጀመር። ከኡም ራኩባ መጠለያ አንዱ በትግርኛ መለሰና ሳጥኑ ልክ ሲሞላለት "የተሳሳተው የእናንተ አማርኛ ነው" ብሎ ጻፈልኝ። ምን እለዋለሁ? ሳጥኑ ሞልቷል እኮ።

አንድ ዓርብ ከምሳ በኋላ ቤቱ ጭር ሲል እታለም ምስር የምትለቅምበትን ሰፌድ ይዛ አጠገቤ ተቀመጠች። እሷ ስትቀመጥ አይቼ ስለማላውቅ የቤት ኪራይ ልታካፍለኝ ነው ብዬ ደነገጥሁ።

"መምህር፣ አንድ ጥያቄ ያስገቡልኝ።"

"አንቺም ጀመርሽ? ስለ ማን?"

"ስለዚያ የራዲዮ ድራማ" አለችና የትኛው እንደሆነ ነገረችኝ።

በእኛ ዕድሜ ያለ ሰው የማያውቀው የለም። ባለታሪኳ የሸክላ ሻጭ ልጅ ናት፤ አንድ ደሃ ሸማኔ ይወዳታል፣ እሷም ትወደዋለች፤ አንድ ባለ በቅሎ ነጋዴ ደግሞ ዓይኑን ይጥልባታል። ስንት ሳምንት አገር በጆሮው ተንጠልጥሎ ቆየ። በመጨረሻው ክፍል ነጋዴውን አገባችው። ያን ቀን ያላለቀሰ የለም፤ እኔም አልቅሻለሁ፣ ለሚስቴ ግን ጉንፋን ነው ብያታለሁ።

"ማንን አገባች ብለው ይጠይቁልኝ" አለች።

"ይህማ ለሕፃን የሚሰጥ ጥያቄ ነው። ነጋዴውን። ሦስት ፊደል።"

"ለሁሉም ሰው ነጋዴውን ነው" አለች እታለም፤ ምስሩን መልቀሟን ሳታቆም። "በዓለም ላይ ሸማኔውን አገባች ብሎ የሚያምን አንድ ሰው ብቻ አለ። እሱን ነው የምፈልገው።"

የምትፈልገው ታናሽ ወንድሟን ነው፤ እናታቸው ስትሞት ያሳደገችው እሷ ናት። የመጨረሻው ክፍል በሚተላለፍበት ቀን ልጁ በወባ ትኩሳት ይንቀጠቀጥ ነበር፤ የራዲዮው ድንጋይ ደግሞ ከሁለት ቀን በፊት አልቋል። ሄደሽ ስሚልኝ ብሎ አለቀሰባት። ሮጣ ከጎረቤት አጥር ሥር ቆማ ሰማችና ተመለሰች። ልጁ ዓይኑን አፍጥጦ ጠበቃት።

"'ማንን አገባች?' አለኝ። ነጋዴውን ልለው ነበር፤ አፌ እምቢ አለኝ መምህር። ሸማኔውን አልሁት። ሠርጉስ? አለኝ፤ ሠርጉን ሠራሁለት፤ ቀሚሷን ራሱ ሸማኔው እንደሸመነላት ነገርሁት። ነጋዴውስ? አለኝ። የነጋዴው በቅሎ ወንዝ ገብታ ቀረች አልሁት። ሳቀ። በነጋታው ትኩሳቱ ለቀቀው። ከዚያ እንዴት ብዬ ውሸቴን ነው ልበለው?"

ልጁ አደገና እንደ አገሩ ልጅ ሁሉ ሰሊጥ ሊያጭድ ወደዚህ ተሻገረ። አንድ ጊዜ በሎሪ ነጂ "ደኅና ነኝ" ብሎ ላከባት፤ ከዚያ ጠፋ። ፍለጋ መጣችና የቀን ሠራተኛ ሁሉ በገዳሪፍ ስለሚያልፍ እዚሁ ቤት ከፍታ ተቀመጠች። በስሙ ብትጠይቅ የሚያውቀው የለም። እዚህ ሰው ለደላላም ለእርሻው ወኪልም አፉ ላይ የመጣለትን ስም ነው የሚሰጠው፤ ትክክለኛ ስሙን ይዞ ድንበር የሚሻገር ሞኝ ብቻ ነው ይባላል። ያላት ፎቶም የልጅነቱ ነው። እሱኑ አንድ ጊዜ ግሩፕ ላይ ለጠፈችው፤ በማግስቱ አንዱ ደወለና "ከእኔ ጋር ነው፣ ታሟል፣ ለሐኪም ላኪ" አላት። ላከች። ሁለተኛ ስልኩ አልሠራም። ከዚያ ሌላው ደወለ፣ ከዚያ ሌላው። አለቀሰችላቸው፤ እነሱም አጽናኗት፤ ሌባ ሲያጽናና እንዴት እንደሚያምርበት!

"አጭበርባሪ ትክክለኛውን መልስ ጠይቆ ይደርስበታል" አለች። "እኔ የምፈልገው የሚሳሳተውን ነው። በሕይወት ካለ፣ ነጋዴ ነጋዴ ሲሉ ሰምቶ ዝም አይልም፤ አውቀዋለሁ፤ ክርክር ነፍሱ ነው። ለማንም አይንገሩብኝ። ነገሩ ከወጣ ነገ ሸማኔ ሸማኔ የሚል ሌባ ይሞላብኛል።"

በሚካኤል ስም አስማለችኝ። ማልሁ። ምስሯን አብሬ መልቀም ጀመርሁ፤ ድንጋዩን ትቼ ምስሩን እየጣልሁ መሆኔን ስታይ ሰፌዱን ወሰደችብኝ።

የሙያው ችግር ከዚያ መጣ። ነጋዴ ሦስት ፊደል ነው፤ ሸማኔም ሦስት ፊደል ነው። ግን ሳጥኖቹ ከሌላ ቃል ጋር ከተቆላለፉ አንዱን ብቻ ነው የሚቀበሉት። ለሁለቱም በር መክፈት ካለብኝ ሦስቱ ሳጥኖች ከማንም ሳይነካኩ ብቻቸውን መቆም አለባቸው። ይህ በእኛ ሥራ ነውር ነው፤ ሸሚዙን ገልብጦ ለብሶ ቤተ ክርስቲያን እንደ መግባት ነው። አደረግሁት። በግድግዳው ታችኛ ጥግ፣ ከሁሉ ርቀው፣ ሦስት ሳጥን።

የረክሻ ነጂው ሲያያት ፊቱ በራ። እንዲህ ያለ ስሕተት ከእኔ እየጠበቀ ነበር የኖረው።

"መምህር! ይህቺ ደግሞ ምንድን ናት? ከማን ጋር ተጣልታ ነው?"

"ማረፍ ፈልጋ ነው።"

"ከማንም የማትገናኝ ቃል በየትኛው ዓለም ነው መስቀለኛ የምትባለው?" አለና ፎቶዋን አንሥቶ፣ ከሥሯ የሳቅ ምልክት አድርጎ ግሩፕ ላይ ለቀቃት። ጌታ ይስጠው፤ ማስታወቂያ ሠራልን።

በሳምንቱ ሌሎቹን ጥያቄዎች ቀየርሁ፤ እሷን ግን ተውኋት። በሚቀጥለውም ተውኋት። "መምህሩ ጥያቄ አለቀበት" ተባለ። "ሰውየው የድሮ ፍቅረኛው ነጋዴ አግብታበት ነው" ተባለ። አንዱማ ቅዱስ ጸበል እንድሄድ መከረኝ። ዕድሜ ልኬን የሰበሰብሁትን ክብር በሦስት ሳጥን ጨረስሁት፤ ብዙ ስላልነበረ ቶሎ አለቀ።

መልሱ ግን ይጎርፍ ነበር። "ነጋዴ!" ከጋላባት። "ነጋዴ፣ ይህም ጥያቄ ሆኖ!" ከኡም ራኩባ። አንዲት ሴት ድራማውን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ጽፋ ላከች፤ ለቅሶዋን ሳይቀር። አንድ እዚህ ያደገ ልጅ ድራማውን ሰምቶት ስለማያውቅ "ፖሊስ" ብሎ ሞከረ፤ ቢያንስ ደፋር ነው። ስልኬ በጮኸ ቁጥር እታለም ከማብሰያው ቤት አንገቷን ታወጣለች፤ ራሴን እነቀንቅላታለሁ፤ ትመለሳለች። ያን ቀን ሽሮው ጨው ይበዛበታል። በአስተማሪነት ዘመኔ ሁሉ ተማሪ ትክክለኛ መልስ እንዲሰጠኝ ስለምን ኖሬያለሁ፤ ያን ወቅት ግን ትክክለኛ መልስ የሰጠኝን ሁሉ በጥፊ ማጮል ያምረኝ ነበር።

ዝናቡ አቆመ፣ መንገዱ ደረቀ፣ ሰሊጡ ደረሰ። ጎረምሶቹ ማጭዳቸውን ይዘው በሎሪ ተጭነው ሄዱ። ቤቱ ባዶ ሆነ፣ ግሩፑም ዝም አለ፤ እርሻ ላይ ኔትወርክ የለም፣ ቢኖርም ጉልበት የለም። እታለም አንድ ቀን የኖራ ባልዲ ይዛ ግድግዳው ፊት ቆማ አገኘኋት።

"ያጥፏት መምህር። ሞቷል። ቢኖር ዝም አይልም ነበር።"

"ከመቼ ወዲህ ነው አንቺ የእኔን ጥያቄ የምታጠፊው?" አልኋት፤ ቁጣ አስመስዬ። "ግድግዳው ያንቺ ነው፣ ጥያቄው የእኔ ነው። መልስ ያልተገኘለት ጥያቄ አይጠፋም። ሂጂ ሽንኩርትሽን ክተፊ!"

ባልዲውን ወሰድሁባት። ጀርባዋን ሰጥታ እንዳለቀሰች አውቃለሁ፤ ሽንኩርቱን ምክንያት አድርጌ የሰጠኋትም ለዚያ ነው። እኔም በውስጤ ሞቷል ብዬ ነበር።

ከዚያ በኋላ ባለው የገበያ ቀን፣ ምሳ ሰዓት ላይ፣ የረክሻ ነጂው ሆዱን ይዞ እየሳቀ ገባ።

"ኑ ስሙ! ኑ ስሙ! ከዶካ አንድ ጉድ ቮይስ ልኳል! መምህር፣ ዛሬ ጥያቄዎት ዕብድ አስለቀቀ!"

ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አድርጎ ድምፁን እስከ መጨረሻው ከፈተው። ከኋላ የሎሪ ጥሩምባና የገበያ ጫጫታ ይሰማል፤ ከፊት አንድ ጎርናና የተቆጣ ድምፅ።

"ኧረ እናንተ ሰዎች፣ ምን ነካችሁ? ክረምቱን ሙሉ ነጋዴ ነጋዴ! ስልክ አሁን ገዛሁና ገና ግሩፕ ከመግባቴ የማየው ይህን ነው! ሸማኔውን ነው ያገባችው! የነጋዴው በቅሎ ወንዝ ገብታ ቀርታ የለም እንዴ? የታጨደውን ሰሊጥ እንዲደርቅ ስናቆም ለጓደኞቼ ስነግራቸው እነሱም ይስቁብኛል። ሳቁ! እህቴ በጆሮዋ ሰምታ ነው የነገረችኝ። እህቴ ደግሞ አትዋሽም።"

የረክሻ ነጂው ጠረጴዛውን መታ። "በቅሎዋ ወንዝ ገባች! ሰማችሁ? ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል አሉ! ከየት ያመጣዋል?" ቤቱ ውስጥ የነበሩት ሁለት ሦስት ሰዎችም ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም። ወደ ማብሰያው ቤት ዞርሁ።

እታለም ማማሰያውን እንደያዘች በሩ ላይ ቆማለች። ሽሮው ጠብ ጠብ እያለ እግሯ ላይ ይወርዳል፤ አልተሰማትም።

"ድገመው" አለች።

የረክሻ ነጂው ደስ እያለው ደገመው።

"ድገመው።"

በሦስተኛው ፊቷን አየና ሳቁን አቆመ። ምንም አልገባውም፤ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ምንም አልገባውም። እጇን ዘረጋች፤ ስልኩን ሰጣት። በአውራ ጣቷ ቮይስ የሚቀዳበትን ተጫነች። አንድ ጊዜ ትንፋሽ ሳበች። ስሙን ትጠራለች ብዬ ጠበቅሁ፤ እኔ ነኝ ትለዋለች ብዬ ጠበቅሁ።

"ልክ ነህ" አለች፤ ድምፅዋ ሳይንቀጠቀጥ። "ሸማኔውን ነው ያገባችው። በጆሮዬ ሰምቻለሁ።"

ላከችው።

"እንዴ እታለም፣ ነጋዴውን እኮ ነው..." ብሎ የረክሻ ነጂው ሲጀምር እግሩን ረገጥሁት። በደንብ ነው የረገጥሁት፤ የክረምቱንም ጨምሬ።

ሁላችንም ስልኩን አየን። ምድጃው ላይ ሽሮው አረረ፤ ሽታው መጣ፤ የተነሣ የለም። ከዚያ ስልኩ ጮኸ፤ ቮይስ ነው። እሷ መንካት አቃታት፤ እኔ ከፈትሁት። መጀመሪያ የገበያው ጫጫታ ብቻ ተሰማ። ጎርናናው ድምፅ ሲመጣ ጉርናኔው የለም፤ በትኩሳት ከተኛበት የተነሣ ልጅ ድምፅ ሆኗል።

"እታለም... እታለም፣ አየሽ እንዴት እንደሚስቁብኝ?"

ሁላችንም በውሰት ስንጠራት የኖርነውን ስም ባለቤቱ ጠራው። እታለም እዚያው መሬት ላይ ቁጭ አለች። እኔም አለቀስሁ፤ በዚህ ዕድሜ ጉንፋን ነው ብዬ የማታልለው ሰው የለኝም። የረክሻ ነጂው እስከ ዶካ በረክሻ አደርስሻለሁ ብሎ ተነሣ። በረክሻ ዶካ አይደረስም ስለው አልተከራከረም፤ ወጥቶ ሎሪ ፈለገላት።

ሎሪው ላይ ልትወጣ ስትል ነጠላዋን አጣፍታ ወደ እኔ ጎንበስ አለች።

"መምህር፣ ይዤው እመጣለሁ። እዚህ ሲመጣ እውነቱን እንዳይነግሩብኝ።"

"የቱን እውነት?" አልኋት።

ወደ ቤቱ ተመለስሁና ያረረውን ድስት አወረድሁ። ከዚያ ቡርሼን ቀለም ውስጥ ነክሬ፣ የረክሻ ነጂው እያየኝ፣ ሦስቱን ሳጥኖች ሞላኋቸው፤ ሸ፣ ማ፣ ኔ።